አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር፦ የበርሊን ከተማ አቋራጭ ባቡር ታሪክ

የባቡር መስመርን ታላቅነት በርዝመቱ መለካት የተለመደ ነው። ሳይቤሪያን የሚያቋርጠው መስመር ከ9,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሄድ ስሙ በዓለም ሁሉ ይታወቃል። በርሊንን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚያቋርጠው ሽታትባን ግን ከኦስትባንሆፍ ጣቢያ እስከ ሻርሎተንቡርግ ቢለካ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጎበዝ እግረኛ በግማሽ ቀን ሳይሆን በሁለትና ሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። እንዲህም ሆኖ ከመቶ አርባ ዓመታት በላይ የጀርመንን ዋና ከተማ እጣ ተሸክሞ ኖሯል። ከተማዋ ስታድግ አብሮ ተስፋፋ፣ ስትከፈል ተቆረጠ፣ ስትዋሐድም ከሁሉ አስቀድመው ከተጠገኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። ታሪኩን በቅደም ተከተል ስንከታተለው አንድ ነገር እየጎላ ይመጣል፦ የመስመር ዋጋ ያለው በሚያገናኘው ነገር ላይ ነው፤ ግንኙነቱ ደግሞ ከቴክኒክ እድገት ብቻ አይወለድም። በሕዝብ ገንዘብና በመንግሥት ውሳኔ ይሠራል፣ በውሳኔ ይቋረጣል፣ በውሳኔም ይመለሳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በርሊን የመጀመሪያውን ባቡር ያየችው በ1838 ወደ ፖትስዳም የሚወስደው መስመር ሲከፈት ነው። ከዚያ ወዲያ በነበሩት ሦስት አሥርት ዓመታት የተለያዩ ኩባንያዎች እየተሽቀዳደሙ ወደ አንሃልት፣ ወደ ሽቴቲን፣ ወደ ሃምቡርግ፣ ወደ ሽሌዥያና ወደ ሌሎችም አቅጣጫዎች ሐዲድ ዘረጉ። እያንዳንዱ ኩባንያ የየራሱን መድረሻ ጣቢያ በጊዜው የከተማዋ ዳር በነበረው ቦታ ላይ ገነባ። መስመሮቹ ሁሉ ወደ በርሊን ይመጣሉ እንጂ በርሊንን አያልፉም ነበር። ከምሥራቅ ፕሩሺያ ተነሥቶ ወደ ራይን ምድር የሚሄድ መንገደኛ በአንዱ ጫፍ ወርዶ፣ ጓዙን በፈረስ ጋሪ ጭኖ፣ ከተማዋን አቋርጦ በሌላው ጫፍ እንደገና ይሳፈራል። በ1851 ጣቢያዎቹን የሚያያይዝ ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር፤ ነገር ግን በተራ የከተማ መንገድ ላይ የተነጠፈ ስለነበር ባቡሩ ባለፈ ቁጥር የጋሪውንና የእግረኛውን እንቅስቃሴ ያግድ ነበር። ይህ መስመር ከ1871 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ በተከፈተው የቀለበት መስመር ተተካ። ቀለበቱ በ1877 ሲገጠም ጭነትን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የማሸጋገሩን ችግር አቃለለ፤ ይሁን እንጂ ከተማዋን ከውጭ ይዞራት ነበር እንጂ ወደ መሀሏ አይገባም። በ1871 የአዲሱ የጀርመን መንግሥት መናገሻ የሆነችውና ነዋሪዋ ከ800,000 ያለፈው በርሊን መሀሏ ለባቡር የተዘጋ እንደሆነ ቀረ።

በዚያው ጊዜ አካባቢ አርክቴክቱ አውጉስት ኦርት ከተማዋን በመሀል የሚያቋርጥ መስመር ያስፈልጋል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡን ለመተግበር መጀመሪያ የተነሣው አንድ የግል የባቡር ግንባታ ኩባንያ ነበር። ይሁንና በ1873 የአውሮፓ የገንዘብ ገበያ ሲናጋ ኩባንያው አቅም አጣ፣ ሥራውም ሊቀር ደረሰ። ያዳነው የፕሩሺያ መንግሥት ነው። መንግሥት በመጀመሪያ ከጥቂት የባቡር ኩባንያዎች ጋር በሽርክና ገባ፤ በኋላም ብቻውን ያዘው። የግንባታው መሪ መሐንዲስ ኤርንስት ዲርክሰን ሲሆን ሥራው በ1875 ተጀመረ። ዛሬ ካርታውን የሚያይ ሰው መስመሩ ለምን ያን ያህል እንደሚጠማዘዝ ሊገርመው ይችላል፤ መልሱ ያለው በመሬቱ ይዞታ ነው። በመሀል ከተማ ቤቶችን እየገዙ ማፍረስ እጅግ ውድ ስለነበር፣ በሃኬሸር ማርክትና በያኖቪትስ ድልድይ መካከል መስመሩ የድሮው የከተማ ምሽግ የውኃ ቦይ በነበረበት፣ የመንግሥት በሆነ መሬት ላይ እንዲሄድ ተደረገ። ቦዩ ተደፍኖ የባቡሩ መንገድ ሆነ። ከዚያም አልፎ መስመሩ በከፊል የሽፕሬን ወንዝ ዳርቻ ይከተላል። አብዛኛው ርዝመቱ ከመሬት ከፍ ብሎ በ731 የጡብ ቅስቶች ላይ ያረፈ ነው፤ የቅስቶቹም ሥር ለሱቅ፣ ለመጋዘንና ለምግብ ቤት ይከራያል። ከላይ አራት ሐዲድ ተነጠፈ፦ ሁለቱ ለከተማና ለአካባቢ ባቡሮች፣ ሁለቱ ለረጅም ጉዞ። የአካባቢው ባቡር በፌብሩዋሪ 7 ቀን 1882፣ የረጅም ጉዞው ደግሞ በሜይ 15 ቀን በዚያው ዓመት ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል። ፕሩሺያ ወታደራዊ መንግሥት ነበረች፤ በ1870 እና 1871 ከፈረንሳይ ጋር በተደረገው ጦርነት ሠራዊትን በባቡር ማጓጓዝ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ታይቷል። ስለዚህ መንግሥት በመስመሩ ላይ ገንዘብ ያፈሰሰው ለነዋሪው አስቦ ሳይሆን ጦሩን ከምሥራቅ ድንበር ወደ ምዕራብ ድንበር ለማሻገር ነው ሊባል ይችላል። የጦሩ ፍላጎት በውሳኔው ውስጥ እንደነበረ መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዕቅዱ ራሱ ከዚያ ያለፈ ነገር ይመሰክራል። ለጦር ማጓጓዣ ሁለት ሐዲድ ይበቃ ነበር፤ ከአራቱ ሁለቱ ገና ከመጀመሪያው ለከተማው ነዋሪ ብቻ መመደባቸው፣ ጣቢያዎቹም ገበያና የገንዘብ ተቋም ባለበት በሃኬሸር ማርክት፣ በአሌክሳንደርፕላትስና በፍሪድሪሽሽትራሰ መተከላቸው፣ የዕለት ተዕለቱ ሰው ከታሰበላቸው መካከል እንደነበር ያሳያል። የመነሻው ምክንያት ምንም ይሁን ምን፣ የአንድ መሠረተ ልማት ትርጉም የሚወሰነው በኋላ በሚጠቀሙበት ሰዎች ነው፤ ሽታትባንን የበርሊን ሠራተኛ፣ ጸሐፊና ነጋዴ የራሱ አደረገው። በ1891 ለከተማዋ ዙሪያ የተለየ ርካሽ ታሪፍ ሲወጣ ደግሞ ከዳር መንደር እየመጣ በመሀል ከተማ የሚሠራ ሕዝብ በዛ፤ በርሊንም መስመሮቹን ተከትላ ወደ ውጭ ተዘረጋች።

የመስመሩ ስኬት ችግሩንም ይዞ መጣ። በየኪሎ ሜትሩ የሚቆም የእንፋሎት ባቡር ፍጥነት ሳይሰበስብ ይቆማል፤ ለመነሣት ጊዜ ይፈጃል፤ መጨረሻው ጣቢያ ሲደርስ ሎኮሞቲቩ ተፈትቶ በሌላው ጫፍ መቀጠል አለበት፤ ውኃና ከሰልም ይጠይቃል። ቅስቶቹ በመኖሪያ ቤቶች መስኮት አጠገብ የሚያልፉ በመሆናቸው ጭሱና ጥላሸቱ በየቤቱ ይገባል። መፍትሔው ግን ሩቅ አልነበረም፤ እዚያው በርሊን ውስጥ ነበር። መሐንዲሱ ቨርነር ፎን ሲመንስ ሰው የሚያጓጉዝ የኤሌክትሪክ ባቡር በበርሊን ኤግዚቢሽን ላይ ያሳየው በ1879፣ ማለትም ሽታትባን ከመከፈቱ ሦስት ዓመት በፊት ነው። በ1880 በፍሪድሪሽሽትራሰ ጎዳና ላይ ከፍ ብሎ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ባቡር ለመሥራት ሐሳብ አቅርቦ ተቀባይነት አጣ፤ በ1881 ግን በሊሽተርፈልደ መንደር የኤሌክትሪክ ትራም አስጀመረ። በ1902 የበርሊን የኤሌክትሪክ ከተማ ባቡር፣ ከፊሉ ከመሬት ሥር ከፊሉ በብረት ድልድይ ላይ፣ ሥራ ጀመረ። በ1903 ደግሞ የመንግሥቱ ባቡር ራሱ ወደ ሊሽተርፈልደ በሚሄደው አንድ አጭር መስመር ላይ ኤሌክትሪክን ሞከረ። ሽታትባን ግን አሁንም በከሰል ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ባቡር በተወለደበት ከተማ፣ ኤሌክትሪክ ከማንም በላይ የሚጠቅመው መስመር ሳያገኘው ከአርባ ዓመታት በላይ ቆየ። ቴክኒክ ካለ ለውጡ በራሱ ይከተላል ብለው የሚያስቡ ሰዎች ይህን ክፍተት ሊያስረዱን አይችሉም። ገንዘቡ ብዙ ነበር፤ የቱን ዓይነት ኤሌክትሪክ እንጠቀም የሚለው ክርክርም ረጅም ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚወስን አካል ቁርጥ ያለ ሐሳብ ላይ እስኪደርስ መጠበቅ ነበረበት።

በ1913 የፕሩሺያ ምክር ቤት የከተማውን፣ የቀለበቱንና የአካባቢውን መስመሮች ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያስችል ገንዘብ ፈቀደ። በማግስቱ ዓመት ጦርነት ፈነዳና ሥራው ቆመ። ከሽንፈትና ከገንዘብ ውድቀት በኋላ፣ በ1920 ዙሪያ መንደሮቿን ጠቅልላ ወደ አራት ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ በያዘችው ታላቋ በርሊን ሥራው እንደገና ተነሣ። የተመረጠው ከሐዲዱ ጎን በተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ የሚመጣ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው፤ ባቡሩ ኃይሉን ከዚህ ሐዲድ በታች በኩል እየነካ ይወስዳል፣ ይህም በረዶና ውርጭ እንዳያስቸግር ይረዳል። ሙከራው ኦገስት 8 ቀን 1924 ወደ በርናው በሚሄደው የሰሜን መስመር ተጀመረ። የሽታትባን ተራ የደረሰው በጁን 11 ቀን 1928 ነበር፤ በዚያ ቀን የኤሌክትሪክ ባቡር በምዕራብ ከፖትስዳም ተነሥቶ፣ ከተማዋን በመሀል አቋርጦ፣ በምሥራቅ እስከ ኤርክነር ሄደ። ለዚህ ሥራ 638 ጥንድ ሰረገላዎች ተሠሩ። በእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ ሰረገላ ሞተር ያለው፣ ሌላው ተጎታች ነው፤ አራት ጥንድ ሲቀጣጠል ሙሉ ባቡር ይሆናል፣ ተሳፋሪ ሲቀንስ ደግሞ ይፈታል። ነጂው ከሁለቱም ጫፍ መንዳት ስለሚችል ሎኮሞቲቭ መፍታትና መግጠም ቀረ፤ ባቡሩም ቶሎ ፍጥነት ስለሚሰበስብ በዚያው ሐዲድ ላይ ብዙ ባቡር ማስኬድ ተቻለ። በ1930 መጨረሻ ላይ አገልግሎቱ ኤስ-ባን የሚለውን ስምና በአረንጓዴ መደብ ላይ የተጻፈውን ነጭ ኤስ ፊደል ያዘ፤ ምልክቱ ዛሬም በብዙ የጀርመን ከተሞች ይታያል።

ይሁን እንጂ ኤሌክትሪክ የገባው በአራቱም ሐዲዶች ላይ አልነበረም። የረጅም ጉዞዎቹ ሁለት ሐዲዶች በእንፋሎት፣ በኋላም በናፍጣ፣ ለሰባት አሥርት ዓመታት ያህል ቀጠሉ። ይህን አይቶ የ1928ቱ ሥራ ግማሽ ልብ የነበረው ነው የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ ግን ተቃራኒውን አያለሁ። የአገሪቱን ረጅም መስመሮች ሁሉ በኤሌክትሪክ ማስኬድ የማይቻልበት ዘመን ነበር፤ በአንጻሩ በየጥቂት ደቂቃው የሚመጣው የከተማ ባቡር ከፍተኛውን ሕዝብ ያጓጉዛል፣ በየጣቢያውም ስለሚቆም ከኤሌክትሪክ ከፍተኛውን ጥቅም ያገኛል። ውስን ገንዘብ ያለው መንግሥት ከብዙ ሕዝብ የዕለት ኑሮ መጀመሩ ትክክለኛ ቅደም ተከተል ነው። የማያስመሰግነው ቀሪው ሥራ ያን ያህል መዘግየቱ ነው፤ ለዚያም ምክንያቱ የመሐንዲሶች ስንፍና አይደለም፣ ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ፖለቲካ ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በርሊን ፍርስራሽ ነበረች፤ በኤፕሪል 1945 መጨረሻ ላይም ባቡሩ ጨርሶ ቆሞ ነበር። ከተማዋ በአራት ኃያላን ስትከፋፈል የባቡሩ ሥራ በሙሉ፣ በምዕራብ በርሊን ያለውም ጭምር፣ በሶቪየት ቀጣና ተቀማጭ በሆነው ራይሽስባን በተባለው የባቡር ድርጅት እጅ ገባ። ስለዚህ በ1948 ከተማዋ በሁለት አስተዳደር ከተከፈለች በኋላም ምሥራቅ ጀርመን በምዕራብ በርሊን ውስጥ ጣቢያና ሐዲድ ታስተዳድር ነበር፤ ሕዝቡም በዚሁ ባቡር ከአንዱ ዓለም ወደ ሌላው ይመላለሳል። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ለቀው የሄዱ ብዙዎች የመጨረሻውን መንገዳቸውን የሄዱት በኤስ-ባን ነው። ኦገስት 13 ቀን 1961 ሌሊት ድንበሩ ሲዘጋ ሽታትባን በፍሪድሪሽሽትራሰ ጣቢያ ላይ ለሁለት ተቆረጠ። ጣቢያው በምሥራቅ በርሊን መሬት ላይ ነው፤ ከምዕራብ የመጣው ባቡር በአንዱ አዳራሽ ይቆማል፣ ከምሥራቅ የመጣው በሌላው፤ በመካከላቸው ግንብ የመሰለ መጋረጃ ቆመ። የምዕራብ ተሳፋሪ እዚያው በጠላት ግዛት ውስጥ ሆኖ የድንበር ፍተሻ ሳይነካው ወደ ሰሜን-ደቡቡ የምድር ሥር ባቡር መቀየር ይችላል፤ ከግድግዳው ማዶ ያለው ምሥራቃዊ ግን ያንን ባቡር ድምፁን ይሰማዋል እንጂ አይሳፈርበትም። በ1962 ከጣቢያው አጠገብ ከምሥራቅ የሚወጡ እንግዶች የሚፈተሹበት የብርጭቆ አዳራሽ ተሠራ፤ ዘመድ ከዘመዱ የሚለያይበት በመሆኑ ሕዝቡ የእንባ ቤተ መንግሥት ብሎ ጠራው።

በምዕራብ በርሊን የሠራተኛ ማኅበራት ሕዝቡ በዚህ ባቡር እንዳይሳፈር ጥሪ አደረጉ፤ ለትኬት የሚከፈል ገንዘብ ለድንበሩ ሽቦ መግዣ ይሆናል አሉ። ተሳፋሪው ሸሸ፣ ጣቢያዎቹ ዛጉ፣ ጥገናው ቀረ። በሴፕቴምበር 1980 በምዕራብ ያሉት የራይሽስባን ሠራተኞች ሥራ ሲያቆሙ አብዛኛው የምዕራብ ኤስ-ባን መስመር ተዘጋ፤ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ሽታትባን ነበር። በጃንዋሪ 9 ቀን 1984 የምዕራብ በርሊን ትራንስፖርት ድርጅት አገልግሎቱን ሲረከብ ሥራ ያስጀመረው 21 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ከዚያ አንዱ ክፍል ከሻርሎተንቡርግ እስከ ፍሪድሪሽሽትራሰ ያለው ነው። ይህ ሁሉ የሚያስነሣው ጠንካራ ጥያቄ አለ፦ ሁለቱም የበርሊን ክፍሎች ያለ ሙሉው መስመር ሃያ ስምንት ዓመት ከኖሩ፣ መስመሩ እንደሚባለው አስፈላጊ ነበር ማለት ይቻላል?

ጥያቄውን የሚመልሰው መቆረጡ ያስከፈለው ዋጋ ነው። ምሥራቅ ጀርመን ባቡሮቿ በምዕራብ በርሊን እንዳያልፉ ስትል በ1950ዎቹ የገነባችው የውጭ ቀለበት 125 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ከፖትስዳም ወደ ምሥራቅ በርሊን የሚሄድ ሰው በመሀል ከተማ ቀጥ ብሎ በሚያልፍበት ፈንታ ያንን ዙሪያ ይዞራል። በምዕራብ በኩል ደግሞ ለከተማ ነዋሪ ታስቦ የተሠራው ትንሹ የዞ ጣቢያ፣ በሁለት መድረክ ብቻ፣ የሁለት ሚሊዮን ሕዝብ ዋና የረጅም ጉዞ ጣቢያ ለመሆን ተገደደ፤ ከተማው የምድር ሥር ባቡሩን ከሽታትባን ነጥሎ ለብቻው አስፋፋ። ሁለት መንግሥታት አንድን አጭር መስመር ላለመጠቀም በአሥር እጥፍ የሚበልጥ ሥራ ሠሩ። ሰው ያለ አንድ ነገር መኖር መቻሉ ነገሩ አላስፈላጊ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ምትኩን ለማቆም የወጣው ጉልበት ግን የጠፋው ነገር ምን ያህል ይመዝን እንደነበር በግልጽ ይናገራል።

ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ድንበሩ ሲከፈት ፍሪድሪሽሽትራሰ ጣቢያ በሰው ጎርፍ ተጥለቀለቀ። መጋረጃው ፈረሰ፣ የተቆረጠው ሐዲድ ተገጠመ፣ በጁላይ 2 ቀን 1990 ኤስ-ባን በሽታትባን ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ያለ ማቋረጥ እንደገና ሄደ፤ ይህ የሆነው ጀርመን በሕግ ከመዋሐዷ ሦስት ወር በፊት ነው። የመቶ ዓመት ቅስቶች ግን የአዲሱን ዘመን ፈጣንና ከባድ ባቡር እንዲሸከሙ መጠናከር ነበረባቸው። ከ1994 ጀምሮ የረጅም ጉዞው አገልግሎት ተቋርጦ ከቅስቶቹ በላይ አዲስ የኮንክሪት ንጣፍ ተደረገ፣ ሐዲዱም ታደሰ፤ በሜይ 24 ቀን 1998 መስመሩ ሲከፈት ከላይ በተዘረጋ ሽቦ በ15,000 ቮልት ኃይል የሚያገኙ የረጅም ጉዞ ባቡሮች መላውን ሽታትባን ማቋረጥ ጀመሩ። ከ1928 ጀምሮ ግማሽ የነበረው ሥራ በሰባ ዓመቱ ተጠናቀቀ። ዛሬ በአንድ ቅስት ላይ ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ ጎን ለጎን ይሠራል፦ ከጎን ሐዲድ የሚወሰደው የ1920ዎቹ ቀጥተኛ ኃይልና ከላይ ሽቦ የሚወሰደው የውሕደት ዘመን ተለዋዋጭ ኃይል።

በሜይ 2006 የበርሊን አዲሱ ማዕከላዊ ጣቢያ ተመረቀ። የተሠራው በቀድሞው ድንበር አቅራቢያ፣ የመጨረሻው የምዕራብ ጣቢያ በነበረው በሌርተር ሽታትባንሆፍ ቦታ ላይ ነው፤ ሽታትባን ከአዲሱ የሰሜን-ደቡብ ዋሻ ጋር የሚገናኘው እዚህ ነው። ይህ ውሳኔ የሚያስከፋቸው ሰዎችም አሉ፣ ቅሬታቸውም ሊሰማ የሚገባው ነው፤ የረጅም ጉዞ ባቡሮች በዞ ጣቢያ መቆም ሲተዉ ለዓመታት የምዕራቡ መግቢያ በር የነበረው ሰፈር ገበያውንና ክብሩን አጣ። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ደግሞ የሁሉንም ነገር ክብደት በአንድ ቀጭን መስመር ላይ መጫን አደገኛ ነው የሚለው ነው። በ2009 የኤስ-ባን ባቡሮች የመንኮራኩር ምርመራ በአግባቡ ባለመደረጉ ብዙ ሰረገላ ከሥራ ሲወጣ፣ በጁላይ ወር በዞና በኦስትባንሆፍ መካከል የኤስ-ባን አገልግሎት ለሳምንታት ተቋረጠ፤ የከተማዋ እንቅስቃሴ ተናጋ። ነገር ግን የዚያ ቀውስ መንስኤ የመስመሩ አቀማመጥ አልነበረም፤ ጥገናን እንደ ትርፍ ወጪ መቁጠር ነው። ማገናኛ ነጥብ የበለጠ ሕዝብ በተሸከመ ቁጥር የበለጠ እንክብካቤ ይፈልጋል እንጂ ማገናኘቱ አይወገዝበትም።

ከ1838 ጀምሮ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ ስናየው፣ የበርሊን ሽታትባን ለሌሎች ከተሞችም የሚሆን ትምህርት ይሰጣል። የግል ኩባንያዎች ወደ ከተማዋ የሚያደርሱ መስመሮችን ሠሩ፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት የሞላው ግን ትርፉ ለአንድ ባለቤት ስለማይታይ የሕዝብ ገንዘብ ነው። የኤሌክትሪክ ባቡር እዚያው ተፈለሰፈ፤ ወደ መስመሩ ለመግባት ግን ምክር ቤት የሚፈቅደው በጀት ጠበቀ። የተቆረጠውም ሆነ የተገጠመው በመንግሥት እጅ ነው። ስለዚህ አንድ ከተማ ባቡር ሲያቅድ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው ስንት መቶ ኪሎ ሜትር እዘረጋለሁ ብሎ አይደለም፤ ያሉትን መስመሮች፣ ሰፈሮችና ሰዎች የሚያገናኘው የጎደለው ቁራጭ የት ነው ብሎ ነው። ያ ቁራጭ ብዙ ጊዜ አጭር፣ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ፣ ለምረቃ ንግግር የማይመች ነው። የበርሊን ታሪክ ግን እንደሚመሰክረው፣ ያንን ቁራጭ ለመሥራትና ተንከባክቦ ለማቆየት የወጣ ገንዘብ ከየትኛውም ረጅም መስመር በላይ ለሕዝቡ ይመለሳል።